የአጎቴን ድምፅ በበቅሎ ጭኜ ወደ ቤተ ልሔም

እስቴንና ስማዳን አቋርጬ ጋይንት ቤተ ልሔም ደርሼ መመለሴን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ምን ልትሠራ?» ብሎ ነው። የአጎቴን ድምፅ ላደርስ ስለው ደግሞ ትኩሳት እንዳለብኝ ግንባሬን ይዳስሳል። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር።

አጎቴ ፈንታ የድጓ ሰው ነው። ድጓ የዓመቱን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ሲሆን፣ ተማሪው የትም ይማረው የት በመጨረሻ ቤተ ልሔም ወጥቶ በመምህሩ ፊት ያዜማል፤ ስሕተቱ ይታረማል፤ ሲያበቃ «መስክሬልሃለሁ» ይባላል። ይህን ቃል ያልሰማ፣ ድምፁ ምንም ያህል ቢያምር የድጓ መምህር ነኝ ለማለት አፉን አይሞላም። አጎቴ በጎረምሳነቱ ቤተ ልሔም ወጥቶ ሁሉን ዘልቆ የመጨረሻዋ ክፍል ስትቀረው አባቱ ሞቱና እርሻውና ታናናሾቹ ጠሩት። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ከዚያ አዲስ አበባ መጣ፣ አምና ደግሞ ግማሽ ጎኑን መታውና አልጋ ያዘ። ከጋይንት የመጡ አንድ ቄስ ሊጠይቁት ገብተው «የቤተ ልሔሙ የኔታ እኮ ዛሬም ወንበራቸው ላይ ናቸው» ያሉት ቀን ነው ነገሩ የተጀመረው። አጎቴ እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰደውም። ጧት ጠራኝና «ያችን ሳልዘልቅ መሞቴ ነው» ብሎ አለቀሰ። አጎቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ዜማ የማውቀው ከራዲዮ ነው። ግን በሠርግ ቤት የሚዘፍን ጓደኛ አለኝ፤ እሱ ደግሞ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ድምፅ የሚቀዳ ቴፕ አለው። ተዋስኩት። አጎቴን በትራስ ደግፈን ያችን የቀረችውን ክፍል በተሳሰረው ምላሱ አዜመና ካሴቱ ውስጥ አስገባናት። የኔታ ይስሙትና ይመስክሩለት፤ አሳባችን ይኸው ነበር። ወደ ቤተ ክህነት ሰዎች ሄጄ ይሆናል ወይ ብዬ ብጠይቅ አይሆንም እንደሚሉኝ ገምቼ ሳልጠይቅ ተነሣሁ።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። ቴፑን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ስለነበር አጠገቤ የተቀመጡት የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ሕፃን መስሏቸው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ፍቼን ካለፍን በኋላ አለማልቀሱ አሳሰባቸውና «ተኝቷል?» አሉኝ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው ቅር አላቸው፤ የለቀቁትን ቦታ ግን መልሰው አልወሰዱብኝም።

ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ የተባለበት ክረምት ገና ማለፉ ነበር። አዲስ አበባ ወሬው በርዶ ሰው ሁሉ ወደ በርበሬ ዋጋ ተመልሷል፤ አባይን ስንሻገር ግን እንደ ትኩስ ዳቦ ነበር። አንዱ «ረግጠዋታልና ከእንግዲህ ዝናብ በወቅቱ አይመጣም» አለ። ሌላው ነገሩ በፈረንጅ አገር በረሃ ውስጥ የተነሣ ፎቶግራፍ ነው አለ። ነጋዴው እንኳን ወጡ፣ እንኳን ወረዱ፣ የጨው ዋጋ አልወረደም አሉ። ሾፌሩ «እናንተ ጨረቃ ላይ ውጡ፤ እኔ ከዚህ ቁልቁለት ልውጣ» ብሎ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። እኔ አምኛለሁ። ለምን ቢሉኝ ራዲዮ ስለተናገረ ነው፤ ይህም ከነሱ የተሻለ ማስረጃ አይደለም።

ማክሰኞ ባሕር ዳር፣ ረቡዕ ደብረ ታቦር አደርን። ደብረ ታቦር ያደርኩበት ቤት አልጋ መሐሉ ጎድጓዳ ስለነበር ተኝቼ ሳይሆን ወድቄ አደርኩ። ባለቤቲቱ ግን ረቡዕ ጾም ነውና ማታውኑ ትኩስ ሽሮ ሠርታ፣ «አዲስ አበባ ሽሮ አለ?» ብላ እያዘነችልኝ አበላችኝ። አለ ብላትም አላመነችኝም፤ እኔም የእሷን ከቀመስኩ በኋላ መጠራጠር ጀመርኩ።

ሐሙስ በጨው ጭነት ላይ ተቀምጬ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። መንገዱ በበጋ ብቻ የሚሠራ ነው ይባላል፤ በበጋም ቢሆን ለመሥራት ፈቃደኛ አይመስልም። የአጎቴ ታናሽ እህት አክስቴ ውድነሽ እዚያ ናት። እኔን ከመሳሟ በፊት የፈንታን ደኅንነት ጠየቀች። ድምፁን ይዤላት መምጣቴን ስነግራት ጎረቤት ሁሉ ተጠራ፤ ሁለት ቄሶችም መጡ፤ ቤቱ ሞላ። «አሁን አቶ ፈንታ ያዜማሉ» ብዬ ቁልፉን ስጫን የጓደኛዬ የሠርግ ዘፈን ከነከበሮው ወጣ። ካሴቱን በተሳሳተ ገጽ አስገብቼው ነበር። አንደኛው ቄስ ቀና ብለው «ፈንታ በአዲስ አበባ ብዙ ተለውጧል ማለት ነው» አሉ።

ገለበጥኩትና ትክክለኛው መጣ። ሳቁ ተቋረጠ። አክስቴ ትንሽ ሰምታ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ «ምላሱ ተሳስሯል፤ ወንድሜን» አለችና ወጣች። ከዚያ ስትመለስ ዓይኗን ታጥባ ነበር፤ እሸት ባቄላ አቀረበችልን።

ከዚህ በኋላ ድምፁን መስማት የማይፈልግ ሰው ጠፋ። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንዱ ፎክሮ ይሰማል፣ አንዷ የገዛ ድምፅዋን ሰምታ «እኔ እንዲህ ነው የምጮኸው?» ብላ ባሏን ይቅርታ ትጠይቃለች። የሠርጉን ገጽ እያጠፋሁ ቀረጽኳቸው፤ ጓደኛዬ ይቅር ይበለኝ። የባትሪው ድንጋይ እንደሚደክም ባውቅም መለዋወጫ ይዤ ስለነበር ጨከን ብዬ አልከለከልኩም። እንግዳ ተቀባይን ደግሞ እንዴት እንቢ ይሉታል።

ጥግ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ስለ ጨረቃው አጥብቀው ጠየቁኝ። «መጀመሪያ የረገጣት ሰው ስሙ ይታወቃል?» አሉኝ። ይታወቃል አልኩ። «ልጆች አሉት?» አሉኝ። አሉት አልኩ። አሰብ አደረጉና «በል፣ አቅኚው ከታወቀ ርስቱ የልጆቹ ነው። አብሮት የወጣው ሰው ግን ይከሳል፤ ይኸ ነገር በሽማግሌ ካልተያዘ ሰባት ትውልድ ያሟግታል» አሉ። የአዲስ አበባ ጋዜጦች ይህን ጥያቄ አላነሡትም።

ቅዳሜ ወደ ስማዳ ተነሣሁ። አክስቴ በቅሎና ባለ በቅሎውን አያ ደሴን ሰጠችኝ። አያ ደሴ ቀጭን፣ ረጅም፣ በዓለም ላይ በሚሆን ነገር ሁሉ አሳብ ያላቸው ሰው ናቸው። መንገድ ስንጀምር አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ከጨረቃ ምን ይዘው መጡ?» ድንጋይ አልኳቸው። ቆሙ። በቅሎዋም ቆመች።

«ድንጋይ ብቻ?»

«አዎ፤ ሊመረምሩት።»

ከፊታችን የተዘረጋውን የስማዳን ዳገት በዱላቸው አሳዩኝ። እስከ ሰማይ ጠርዝ ድንጋይ ነው። «ልከው ቢጠይቁን ኖሮ» አሉ፣ «አንድ መቶ ጭነት በነፃ እንሰጣቸው ነበር። እርሻችንም ይጸዳልን ነበር።» ከዚያ እስከ ወንዙ ድረስ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ወንዙ ዘንድ ነገር ተበላሸ። አያ ደሴ ጭነቱን ሲያስሩ በራዲዮ ስለተወራው የልብ መተካት እየጠየቁኝ ነበርና ጠፍሩ ላልቶ ቀርቷል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በቅሎዋ መሐል ላይ ስትደርስ ኮርቻው ዞረ፤ ከረጢቱ ውኃ ውስጥ ገባ። ቴፑን እኔ አንግቼው ስለነበር ዳነ። መለዋወጫ ድንጋዮቹ ግን ከረጢቱ ውስጥ ነበሩ። አያ ደሴ ደንግጠው ጭራሽ ልብሳቸውን ሳያወልቁ ገቡና አወጧቸው፤ ከዚያ እያንዳንዱን በጋቢያቸው ጫፍ እንደ ዕንቁላል ጠራረጉት።

ማታ ስማዳ ያሳደሩን አቶ መንበሩና ባለቤታቸው እቴ ጥሩ ነበሩ። ቤታቸው ከእኔ የአዲስ አበባ ክፍል ይሰፋል፤ ጭሱ ግን በር አያውቅም። በገብስ ጠላ ተቀበሉን። ጫማዬ ረጥቧልና አቶ መንበሩ የራሳቸውን በርኖስ እግሬ ላይ ጣሉልኝ። ወሬው ወደ ልቡ ዞረ። በባሕር ማዶ የሞተ ሰው ልብ አውጥተው ለታመመ ሰው ይተክላሉ አልኩ፤ ራዲዮ እንዳለው።

«ከዚያስ ሰውየው የማን ነው?» አሉ አቶ መንበሩ።

«የራሱ ነው እንጂ።»

እቴ ጥሩ ጠላ እየቀዱ «እሱማ ይሁን» አሉ። «ግን ሲነቃ የሚናፍቀው የራሱን ሚስት ነው ወይስ የዚያኛውን?» አቶ መንበሩ ተቆጥተው «አንቺ ደግሞ!» አሉና ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ ዘንበል ብለው «የምርህን ግን፣ የማንን ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። አያ ደሴ በበኩላቸው የሚያሳስባቸው ሌላ ነው፤ ባለ ልቡ የሠራው ኃጢአት ካለ ንስሐውን ማን ይገባለታል ይላሉ። እውነቱን ለመናገር እኔ ከሁሉም ጥያቄ አንዱንም መመለስ አልቻልኩም፤ ሐኪሞቹም የሚችሉ አይመስለኝም።

ድንጋዮቹን እንዲደርቁ ሰፌድ ላይ ዘርግቼ ተኛሁ። እቴ ጥሩ ሲያዩዋቸው እርጥብ ናቸው፤ እንግዳውም ተጨንቋል። ቤተኛ ብቻ በሚያስበው ደግነት ምድጃው ዳር ዙሪያውን ደርድረው አሳደሯቸው። ጧት ስነሣ አብጠው፣ ሬንጃቸው ቀልጦ አመዱ ላይ ፈስሷል። እቴ ጥሩ «ደረቁልህ አይደል?» ሲሉኝ ፊታቸው በደስታ በርቶ ነበር። «በደንብ ደርቀዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ሰብስቤ ከረጢቴ ውስጥ ከተትኳቸው። ከዚያ ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ ራሴን ያዝኩ። የቀረኝ ቴፑ ውስጥ ያለው፣ እስቴ ሙሉ ያቅራራበት ድንጋይ ብቻ ነው። እሱ ካለቀ ደግሞ የአጎቴ ነገር አለቀ፤ በዚያ አገር የባትሪ ድንጋይ ከጨረቃ ድንጋይ ይልቅ ብርቅ ነው።

እሑድን ቅዳሴ አስቀድሰን አረፍን። አያ ደሴ ከቴፑ ውስጥ ድንጋዮቹን አስወጥተው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አሞቁልኝ፤ ጥላው በመጣ ቁጥር እየተነሡ ቦታ ይለውጡላቸዋል። ዶሮ እንዳይነካቸውም ዱላ ይዘው ተቀመጡ። ይረዳል ይባላል። ራዲዮ ያለው የአዲስ አበባ ጎረቤቴም እንዲሁ ያደርጋል፤ እስከዚያ ቀን ስቄበት ነበር።

ሰኞ ማምሻውን ቤተ ልሔም ደረስን። ከሩቅ ሲያዩት የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዙሪያው ዛፍ፣ ከዛፉ ወዲህ የተማሪዎች ጎጆ፣ ከጎጆው ወዲህ የገብስ ማሳ። ስለ ጥንታዊነቱ ብዙ ይነገራል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ዓይኔ ቴፑ ላይ ስለነበር ግድግዳውን በቅጡ አላየሁትም። ብርዱን ግን አስታውሳለሁ፤ የእንጦጦ ብርድ ከዚያ ጋር ሲተያይ ቀልድ ነው። አንድ ተማሪ ጎጆውን ለቀቀልንና እሱ ከጓደኛው ጋር ተጣብቆ አደረ።

ማክሰኞ ጧት የኔታ ዘንድ ገባን። ዛፍ ሥር ለምድ አንጥፈው፣ በመቋሚያ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎቻቸው ከበዋቸዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ የመጣውን የሚያዩት ጆሯቸውን አዘንብለው ነው። ከፈንታ መምጣቴን ስነግራቸው ወዲያው «በአባቱ ሞት የሄደው? ክፍሏ ቀርታበት ነበር» አሉ። አልጋ ላይ መዋሉን ነገርኳቸው፤ ምን እንደያዝኩም አስረዳሁ። ጆሯቸውን ወደ ቴፑ አዘነበሉና «አሰማኝ» አሉ።

ድንጋዩ ሠራ። ለፀሐይና ለአያ ደሴ ምስጋና ይግባቸው። አጎቴ ከቴፑ ውስጥ አዜመ። የኔታ ጣታቸውን መቋሚያው ላይ እየመቱ ተከተሉት። ወደ መሐሉ ሲደርስ የኔታ ቅንድባቸውን ሰበሰቡ፤ «አይደለም፤ መልስ» አሉ።

ቴፑ ቀጠለ።

«መልስ እኮ ነው የምልህ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ቴፑ ቀጠለ። የኔታ መቋሚያቸውን መሬት መቱ። «ምን ዓይነት ተማሪ ነው? ፈንታ እንዲህ አልነበረም!» ተማሪዎቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው ያዙ። ፈጥኜ አቆምኩትና፣ እሱ እንደማይሰማቸው፣ እኔ ግን ልመልሰው እንደምችል ነገርኳቸው። መልሼ አሰማኋቸው። አጎቴ እዚያው ቦታ ላይ፣ ልክ እንደ ቅድሙ ሳተ። ደግሜ መለስኩት፤ ደገመው።

የኔታ ከቁጣቸው በርደው ወደ ነገሩ ዘንበል አሉ። «አየህ» አሉ ለተማሪዎቻቸው፣ «መልስ ሲሉት ይመልሳል። እርማት ግን አይቀበልም። እንዲህ ያለውን ተማሪ እኔም ብዙ አይቻለሁ፤ ሳጥን ውስጥ የገባ ግን ዛሬ ገና ነው።» አሁን ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። «እንግዲህ ይመሰክሩለታል?» አልኳቸው።

«ለዕቃ አልመሰክርም።»

«የኔታ፣ መምጣት አይችልም እኮ። ያ የሚሰሙት ድምፅ የታመመ ምላስ ነው።»

«ምላሱ አይደለም የሳተው። ምላስ ሲከብድ አውቃለሁ። ይኸ የዜማ ስሕተት ነው፤ ያልታረመ ሰው አይመሰከርለትም።» ይህን ያሉት በጭካኔ አልነበረም፤ እንደ ሕግ ነው የተናገሩት። አጎቴ አልጋው ላይ ሆኖ በሩን ሲያይ ታየኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። አያ ደሴ ከኋላዬ «አንቱ የኔታ፣ አንድ መላ አይጠፋም» አሉ በቀስታ።

የኔታ ወደ እኔ ዞረው «ይኸ ዕቃ የእኔንም ቃል ይወስዳል?» አሉኝ።

«ይወስዳል።»

«ፈንታ ይሰማኛል?»

«ይሰማዎታል። እርስዎ ግን አይሰሙትም።»

«ወደ አፌ አቅርበው።»

የሠርጉን ገጽ ገልብጬ፣ ዘፈኑ ያለቀበት ባዶው ጫፍ ላይ መቅጃውን ተጭኜ አቀረብኩላቸው። ሰላምታ የላቸውም፣ ምርቃት የላቸውም። «ፈንታ» አሉ፣ «ከዚህ ላይ ስተሃል።» የሳተበትን ራሳቸው በተሰነጠቀ፣ ግን ንቅንቅ በማይል ድምፅ አዜሙለት። «እንዲህ ነው። በል፣ ከዚያ ጀምረህ እስከ መጨረሻው መልስ።» ከዚያ ዝም አሉ።

ዝምታው ረዘመ። የጨረሱ መስሎኝ ቁልፉን ላነሣ እጄን ስዘረጋ መቋሚያቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸው መቋሚያው ላይ ቀስ እያለ ይመታል። የቴፑ ትንሿ ቀይ መብራት መደብዘዝ ጀመረች። ያ ሁሉ ፀሐይ የሞቀው ኃይል ምንም በማይነገርበት ላይ እየፈሰሰ ነው። አያ ደሴም መብራቷን እያዩ ከንፈራቸውን ነከሱ። በመጨረሻ የኔታ ዓይናቸውን ከፍተው «አሁን ሆነ። መስክሬልሃለሁ። እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉ። ቁልፉን አነሣሁ። ከዚያ ወዲያ ቴፑ አንድ ቃል እንኳ አልተናገረም።

«ሳይሰሙት?» አልኳቸው።

«አንዴ ያረምኩትን ፈንታ ሁለተኛ ስቶ አያውቅም» አሉና ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። ትምህርት ቀጠለ።

መመለሻችንን በንፋስ መውጫ አደረግነው፤ ከተማው ስሙን እንደማያሳፍር ጆሮዬ ይመሰክራል። አያ ደሴ ደብረ ታቦር ድረስ ሸኙኝ፤ ሲሰናበቱኝ ስለ ሁለቱ ልቦች ወሬ ካገኘሁ በአክስቴ በኩል እንድልክባቸው አደራ አሉ። ስለ አውቶቡሱ የምለው የለኝም፤ ሁለት ጎማ ፈነዳ እንጂ ሌላ አልሆነም።

አዲስ አበባ ገብቼ አዲስ ድንጋይ ገዝቼ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ነገሩን ስነግረው አላቋረጠኝም። ሲያበቃ «አልብሱኝ» አለ። ከአልጋው አውርደን ምንጣፍ ላይ አስቀመጥነው፤ ነጠላውን በየኔታ ፊት እንደሚቆም ሰው አደገደግንለት። ቁልፉን ተጫንኩ።

«ፈንታ» አሉ የኔታ፣ «ከዚህ ላይ ስተሃል።»

«እሺ፣ የኔታ» አለ አጎቴ።

እርማቱን ሰማ። መልስ ሲሉት ከዚያው ጀመረ። ምላሱ ከባድ ነው፤ ቃሉን እየጎተተ ነው፤ የሳተበት ቦታ ሲደርስ ሳይስት አለፈው። እስከ መጨረሻው ዘለቀ። ከቴፑ የሚሰማው የቤተ ልሔም ነፋስ ብቻ ነው። አጎቴ ጨርሶ ጠበቀ፤ ፊቱ ሲጨነቅ አየሁት። የኔታ ለከበደ ምላስ ብለው ከሚያስፈልገው በላይ ጊዜ ሰጥተውት ኖሯል። ከዚያ «አሁን ሆነ» አሉ። «መስክሬልሃለሁ። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

አጎቴ «አሜን» አለ። እንባው ጺሙ ላይ ይወርድ ነበር። ቴፑን ላጠፋ ስነሣ በደኅናው እጁ ያዘኝ። «ተው» አለኝ፣ «የኔታ ሳይነሡ አይነሣም።»

ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ክሩ እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም አልተነሣንም።